ስንዴና ድርቅ፦ መጀመሪያ «የትኛው ድርቅ?» ብለን እንጠይቅ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትሽ አርሲ ውስጥ ዴራ አካባቢ ስንዴ ያመርታሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዝናቡ ቶሎ እየወጣ ፍሬው ሳይሞላ ይቀርባቸዋል። አንቺ ደግሞ «ድርቅን የሚቋቋም ዘረመል ተገኘ» የሚል ዜና አይተሽ፣ ከተገኘ ለምን ወደ እኛ ስንዴ አይገባም ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ስንዴ ማሻሻል ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ በሚያጥርባቸው የሙከራ ማሳዎች ላይ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስንዴን ከድርቅ የሚያድን አንድ ዘረመል (ጂን) የለም። ብዙ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን ትንሽ ነው። ይባስ ብሎ አንድ ቦታ የጠቀመው ሌላ ቦታ ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው ሰው «ድርቅ የሚቋቋም ዘር አለኝ» ሲለኝ መጀመሪያ «የትኛውን ድርቅ?» ብዬ የምጠይቀው።

ድርቅ እንደ አመጣጡ ይለያያል። አንዳንዴ ዘር ከተዘራ በኋላ ዝናቡ ይጠፋና ቡቃያው ይደርቃል። አንዳንዴ ስንዴው አርግዞ ዛላ ሊያወጣ ሲል ይቋረጣል። እኔ ከሁሉም የምፈራው ይሄኛውን ነው። የአበባው ብናኝ ይመክናል፣ የፍሬው ቁጥር እዚያው ይቀንሳል፤ በኋላ ዝናብ ቢመለስም የጠፋው ፍሬ አይመለስም። ሦስተኛው የአባትሽ ማሳ ላይ የሚታየው ነው። ፍሬው ተቋጥሯል፣ በሚሞላበት ሰዓት ግን አፈሩ ይደርቃል። ዛላው ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ሲወቃ ግን ፍሬው ቀጭንና የተጨማደደ ነው፣ ኩንታሉም አይሞላም። በእነዚህ በሦስቱ ላይ የሚሠሩት ዘረመሎች አንድ አይደሉም።

ለሦስተኛው ዓይነት ትልቁን ሥራ የሚሠሩት የማበቢያ ጊዜን የሚወስኑት ዘረመሎች ናቸው። ዋናው ፒፒዲ-ዲ1 ይባላል፤ 2ዲ የተባለው ክሮሞዞም (ዘረመሎች የተደረደሩበት ክር) ላይ ነው ያለው። ስንዴ በተፈጥሮው ቀኑ እስኪረዝም የሚጠብቅ ተክል ነው። ቀኑ ካልረዘመ ዛላ ለማውጣት ይዘገያል። እኛ አገር ደግሞ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የዚህ ዘረመል አንዱ ዓይነት፣ መቆጣጠሪያው ላይ 2 ሺህ ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት የጎደሉት፣ የቀኑን ርዝመት ሳይጠብቅ እንዲያብብ ያደርገዋል። የስንዴ አሻሻዩ ኖርማን ቦርሎግ ሜክሲኮ ውስጥ በጣም በተለያዩ ሁለት አካባቢዎች በዓመት ሁለት ጊዜ እየዘራ ሲመርጥ፣ ይህ ዓይነት አብሮ ተመረጠ። ከዚያ የተነሳው ስንዴ በብዙ አገር የተስማማበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ዛሬ እኛ ጋ የሚዘሩት ብዙዎቹ የዳቦ ስንዴ ዝርያዎችም ዘራቸው ከዚያው የሚመዘዝ ነው።

ቶሎ የሚደርስ ስንዴ ድርቁን አይቋቋምም፤ ያመልጠዋል። ዝናቡ ሳይወጣ ፍሬውን ሞልቶ ይጨርሳል። ዋጋ ግን ያስከፍላል። ዝናብ በበዛበት ዓመት ቶሎ ደራሹ ከዘግይቶ ደራሹ ያነሰ ይሰጣል፤ ምክንያቱም ለማደግ ያገኘው ጊዜ አጭር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። «የድርቅ ዘረመል» ተብለው ከሚዘገቡት ግኝቶች ውስጥ ቀላል የማይባሉት ሲመረመሩ የማበቢያ ጊዜ ዘረመሎች ሆነው ይገኛሉ። ሙከራው የተደረገበት ቦታ ዝናቡ መጨረሻ ላይ ስለወጣ ቀድሞ ያበበው አሸነፈ። ያው ዘር ዝናቡ መሃል ላይ ወደሚቋረጥበት ቦታ ቢወሰድ ሊሸነፍ ይችላል። ዜናው ላይ ይሄ አይጻፍም።

ሥሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ በግሌ በጣም የምወደው ክፍል። ሥር አይታይም። ሺህ የሙከራ መደብ ቆፍሮ ማየት አይቻልም። ስለዚህ በሌላ መንገድ እንሄዳለን። እኩለ ቀን አለፍ ሲል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ በእጅ የሚያዝ የኢንፍራሬድ ሙቀት መለኪያ ይዘን በመደቦቹ መሃል እናልፋለን። መለኪያውን ቅጠሉ ላይ ብቻ ማነጣጠር ያስፈልጋል፤ ባዶ አፈር ከገባበት ቁጥሩ ይበላሻል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መደቦች ለዓይን አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው። መለኪያው ግን አንደኛው በሁለት ዲግሪ ቀዝቀዝ ያለ መሆኑን ያሳያል። ቀዝቃዛው ቅጠሉ አሁንም ውሃ እያስተነነ ነው ማለት ነው። ውሃ ካስተነነ ደግሞ ሥሩ ከሥር ያለ እርጥበት ላይ ደርሷል። እንዲህ የተመረጠ ዘር ሲታጨድ ብዙ ጊዜ የሚያስደስት ምርት ይሰጣል።

ከሥር ጋር ተያይዞ በደንብ የተጠናው ከአጃ (በእንግሊዝኛ ራይ ከሚሉት) የመጣ ቁራጭ ነው። የስንዴው 1ቢ ክሮሞዞም አጭሩ ክንድ ወጥቶ በአጃው ተተክቷል፤ 1አርኤስ ይሉታል። በብዙ ሙከራ ይህን የያዘ ስንዴ ሥሩ በዛ ብሎ ታይቷል። ካሊፎርኒያ ዴቪስ ያለው የሆርሄ ዱብኮቭስኪ ቡድን ወረድ ብሎ ሲያጠና፣ ኦፒአር-3 የሚባሉት ዘረመሎች ቁጥር ሲበዛ ሥሩ እንደሚያጥር አሳየ። ስለዚህ ጉዳዩ ዘረመሉ መኖሩ ብቻ አይደለም፣ ስንት ቅጂ አለ የሚለውም ነው። ይህ ቁራጭ ጉድለትም አለው፤ ሊጡን ያጣብቀዋል፣ ዳቦ ጋጋሪ አይወደውም።

የፍሬ መሙላትን በተመለከተ ግንዱን አትርሺ። ስንዴ ከማበቡ በፊትና እንዳበበ ሰሞን ስኳር በግንዱ ያከማቻል። በኋላ ቅጠሉ ሲደርቅ ያንን ወደ ፍሬው ያወርዳል። ይህን ለመፈተን አንዱ መንገድ ካበበ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ቅጠሉን የሚያደርቅ ኬሚካል መርጨት ነው። ቅጠሉ ነጣ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬው የሚሞላው ከግንዱ በሚወርደው ብቻ ነው። ያልተረጨውንና የተረጨውን ፍሬ መዝነን እናነጻጽራለን። ልዩነቱ ትንሽ የሆነው ዘር የተሻለ ስንቅ አለው። ድርቅ ሳይመጣ ድርቅን የምንፈትንበት ዘዴ ስለሆነ ዝናብ በበዛበት ዓመትም ሥራ አናቆምም።

ስለ ቁመት በአጭሩ። ስንዴውን አጭር ያደረጉልን ዘረመሎች፣ አርኤችቲ-ቢ1 እና አርኤችቲ-ዲ1፣ ኖሪን 10 ከተባለው የጃፓን ስንዴ የመጡ ናቸው። ግንዱን ሲያሳጥሩ ቡቃያውን ከአፈር የሚያወጣውን የመጀመሪያ ሽፋንም ያሳጥሩታል። በእጅ ተበትኖ በማረሻ በሚሸፈን ዘር ላይ ይሄ ችግር ነው፤ አንዱ ከላይ ይቀራል፣ ሌላው ጠልቆ ይወድቃል፣ የጠለቀው ሳይወጣ ይቀራል። አውስትራሊያኖች በአርኤችቲ 8 እና በአርኤችቲ 18 ሊተኳቸው እየሠሩ ነው። እነዚህ ግንዱን ሲያሳጥሩ ሽፋኑን አይነኩም።

አውስትራሊያን ካነሳሁ ድራይስዴል የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ሳልጠቅስ አላልፍም። የዚያው አገር ተመራማሪዎች ግራሃም ፋርኳርና ሪቻርድ ሪቻርድስ በ1980ዎቹ አንድ ነገር አዩ። ተክሉ ውስጥ ያለው የከባዱና የቀላሉ ካርቦን መጠን ውሃውን ምን ያህል በቁጠባ እንደተጠቀመ ይናገራል። በዚህ መለኪያ መርጠው ድራይስዴልን በ2002 ለቀቁ። ብልጫው ከፍ ያለው ደረቅ በሆነው ቦታ ነበር፤ ዝናብ ሲበዛ ልዩነቱ ይጠፋል። ቆጣቢ ስንዴ የሚጠቅመው አፈሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ላይ ለሚያድግ ሰብል ነው። እኛ ጋ ይህን የሚመስለው በአድአና በበቾ ዋልካ አፈር ላይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚዘራው የዱረም (የፓስታ) ስንዴ ነው። አፈሩ ቀላልና ጥልቀት የሌለው ከሆነ ግን ቁጠባው ትርጉም የለውም፤ ስንዴው ያልጠጣውን ውሃ ፀሐይ ትወስደዋለች።

አሁን ወደ ዜናው። ያየሽው ኤችቢ4 ሳይሆን አይቀርም። ራኬል ቻን የምትመራው የአርጀንቲና ቡድን ከሱፍ አበባ የወሰደው ዘረመል ነው። ተክሉ ሲጠማ ቶሎ እንዳያረጅ ያደርገዋል። አርጀንቲና በ2020 ፈቀደችው፣ አሜሪካም በ2024 መዘራቱን ፈቀደች። ጠንካራ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን እርጅናን ማዘግየት የሚጠቅመው አፈሩ ውስጥ የሚጠጣ ነገር ካለ ነው። ዝናቡ ከወጣ የአፈሩም እርጥበት ካለቀ፣ አረንጓዴ ሆኖ መቆየት ብቻውን ፍሬ አይሞላም። አንቺ አካባቢ ላለው ችግር እኔ ከዚህ ይልቅ ቶሎ መድረስንና ሥርን አስቀድማለሁ።

ለምን ይሄ ሁሉ ዘገየ ብትዪ፣ የዳቦ ስንዴ ጂኖም (ሙሉው የዘር መረጃ) ከሰው ጂኖም አምስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ከሦስት ዘመዳሞች የተሰበሰበ ስለሆነ አብዛኛው ዘረመል ሦስት ቅጂ አለው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌሎቹ ይሸፍኑለታል፣ ለውጡም አይታይም። የተሟላ የሚባለው ንባብ የታተመው በ2018 ነው፤ ከ107 ሺህ በላይ ዘረመል ተቆጥሮበታል። ሩዝ ከዚህ ብዙ ቀድሟል።

እኛ እጅ ያለውን ሀብት ግን ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1926 መጨረሻ ላይ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴያችንን ብዛት ሲያይ ተደንቋል። በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባው የጂን ባንክ ከተቀመጡ የዱረም ነባር ዝርያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩትን ወስዶ ሲመረምር፣ ከውጭው ዱረም የተለየ ቡድን ሆነው ተገኙ። የመቄት ወረዳ ገረገራና የትግራይ ሀገረ ሰላም ገበሬዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ማሳ ላይ እየዞሩ ነጥብ ሰጥተዋል። የእነሱ ምርጫም ከዘረመል መረጃው ጋር አብሮ ተተንትኗል። እኔ ተስፋ የማደርገው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ዘሮች በእኛ ዝናብና በእኛ አፈር ለዘመናት ተመርጠዋል። ድርቅን የሚችሉበት ነገር በውስጣቸው አለ። ጥሩ የሆነውን ለይቶ ከአዲሶቹ ጋር ማዳቀል ዓመታት ይፈጃል፤ ገንዘቡም ሰዉም ሳይቋረጥ ሊመደብለት ይገባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዋግን (የስንዴን ቅጠልና ግንድ የሚያጠቃውን የፈንገስ በሽታ) የማይቋቋም ስንዴ ድርቅን ቢችልም ዋጋ የለውም። ኩብሳ የተባለውን ዝርያ በ2010 ቢጫ ዋግ እንዴት እንዳደረገው፣ ዲገሉ የተባለውን ደግሞ በ2013 ግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ እንዴት እንደበላው አባትሽ ያስታውሱታል። ድርቅ አንዱን ዓመት ይዘላል፤ ዋግ ተመቸው ማለት ጎረቤቱንም ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ምን ታድርጉ? የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ዴራ ላይ የሙከራ ቦታ አለው፤ ለእርጥበት አጠር አካባቢ የሚታሰቡ ዘሮች እዚያ ይፈተናሉ። ጠይቂ፣ ግን «ድርቅ የሚቋቋም ስጡኝ» አትበዪ። ዛላ ለማውጣት ስንት ቀን ይፈጅበታል፣ ለመድረስስ ስንት ቀን፣ ዴራ ላይ ተፈትኗል ወይ፣ ለቢጫ ዋግና ለግንድ ዋግ አሁን እንዴት ነው በዪ። ከዚያ አባትሽ ከሚዘሩት ጎን አዲሱን በአንድ ቀን፣ በአንድ አፈር ላይ በትንሽ ቦታ ይሞክሩት። ሲወቃ ከሁለቱም አንድ አንድ ሺህ ፍሬ ቆጥራችሁ መዝኑ። ክብደቱ ያው ዝርያ በደህና ዓመት ከሚሰጠው የወረደበት ዘር ፍሬ መሙያው ላይ ውሃ አጥሮት ይሆናል።

እስከዚያው ዘንድሮ ዛላ የወጣበትን ቀንና የመጨረሻው ደህና ዝናብ የጣለበትን ቀን መዝግቢልኝ። አፈሩ ዋልካ ነው ወይስ ቀላል፣ ስንት ክንድ ሲቆፈር ድንጋይ ይመታል የሚለውንም ጨምሪበት። እሱን ይዘሽ እዚሁ ስትጽፊልኝ የትኛው ዝርያ እንደሚሻላችሁ በስም እንነጋገራለን።