መነጽር፣ ሌዘርና የአብራሪነት ምርመራ

ጥያቄ፦ የ20 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ፒያሳ ነው። አብራሪ ለመሆን ማመልከት እፈልጋለሁ፤ ግን ለሁለቱም ዓይኖቼ ማይነስ 4 መነጽር አደርጋለሁ። ከማመልከቴ በፊት በሌዘር ልታከም? — ዳ.

መልስ፦ ወንድማችን፣ አትቸኩል። መነጽር ብቻውን ከአብራሪነት አያግድም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአንደኛ ደረጃ (የንግድ አብራሪዎች) የጤና መስፈርት እያንዳንዱ ዓይን በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር 6/9 (ጤናማ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር)፣ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ 6/6 እንዲያዩ ይጠይቃል። በመነጽር ያለፈ አብራሪ መለዋወጫ መነጽር ይዞ ይበራል። ቀጣሪው ግን ከዚህ የጠበቀ ሊጠይቅ ስለሚችል ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብብ። ከሁሉ በፊት የቀለም ምርመራ አድርግ፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት ካስቸገረህ ሌዘር አያስተካክለውም፣ ብርህን ትበላለህ እንጂ።

ሌዘሩን ከመረጥክ የመነጽር ቁጥርህ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያልተለወጠ ይሁን፤ የኮርኒያህን (የዓይንህን የፊተኛ ግልጽ ሽፋን) ውፍረትና የቅርጹን ካርታም አስለካ። ኮርኒያህ 500 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ቢሆን ላሲክ በሚባለው የሌዘር ዓይነት ከላዩ ተቆርጦ የሚከፈተው ክዳን 110 ገደማ ይወስዳል። በ6 ሚሊሜትር ስፋት ለአንድ ዳይኦፕተር (ለአንድ የመነጽር ቁጥር) 12 ያህል ይፋቃል፤ ላንተ 48 መሆኑ ነው፤ 342 ገደማ ይተርፋል። የሚተርፈው ከ250 በታች ከወረደ ኮርኒያው እየላላ ወደ ፊት ሊያብጥ ይችላል። ስፋቱንም አትናቅ፦ ብሌንህ ማታ ከ6 ሚሊሜትር በላይ የሚከፈት ከሆነ በማኮብኮቢያ መብራቶች ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ሊታይህ ይችላል። ፒአርኬ የሚባለው ሌላው የሌዘር ዓይነት ክዳን የለውም፤ ሕመሙ ግን ለጥቂት ቀናት ይበረታል፣ እይታውም ዘግይቶ ይጠራል።

ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ የምታደርግ ከሆነ ከልኬቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት አውልቀው፤ አለዚያ ካርታው ይዛባል። ከሕክምናው በፊት የነበረህን ቁጥር የያዘ ወረቀትም አትጣል፤ የአቪዬሽን ሐኪሙ ይፈልገዋል።