ጥያቄና መልስ፦ ከመኪና ላይ የሚሰቀል ፎቶ

ስለ ግድግዳ ፍሬም ጽፌ ነበር፤ የመጣው ጥያቄ ግን ሁሉም ስለ መኪና ነው። ዝናብ፣ አቧራ፣ ፀሐይና ንቅናቄ ችሎ ከተሽከርካሪ ላይ የሚቀመጥ የፎቶ ፍሬም እንዴት ይሠራል ትላላችሁ። የሚደጋገሙትን ጥያቄዎች በአንድ አጠቃልያለሁ፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያለሁ። ደብዳቤው ተቆረጠብኝ ብሎ የሚከፋ ካለ በሚቀጥለው አጠር አድርጎ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ሳሎን የተሰቀለውን ፍሬም ከነመስታወቱ አውርደው ከጋቢናው ጎን ሊያስሩት አስበዋል። መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ ይችላል ይላሉ።

መልስ፦ አይችልም። ቢችልም አይገባም፤ ጠጠር የመታው ቀን ስባሪው የሚደርሰው ከኋላዎ ለሚመጣው ሰው ነው።

ምርጫዎ በሁለት ፕላስቲኮች መካከል ነው። ፖሊካርቦኔት በመዶሻ ቢመቱት እንኳ በቀላሉ አይሰበርም፤ ነገር ግን ቶሎ ይጫራል፣ ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከል ሽፋን ከሌለውም ፀሐይ ቢጫ ታደርገዋለች። ብዙዎች ፕሌክሲግላስ የሚሉት አክሪሊክ ከሚያርፍበት ብርሃን 92 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል፣ ፀሐይንም ለዓመታት ይችላል፤ ድክመቱ ጠንከር ያለ ምት ሲያገኘው መሰንጠቁ ነው። የእርስዎ መኪና ጠጠር መንገድ ላይ የሚውል ከሆነ ሽፋን ያለውን ፖሊካርቦኔት ይያዙ። ሽፋኑ በአንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ያ ገጽ ወደ ውጭ መዞር አለበት። የትኛው እንደሆነ የተጻፈው በላዩ ላይ በተለጠፈው ላስቲክ ላይ ስለሆነ ሳያነቡ አይላጡት።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር መለጠጥ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አክሪሊክ ጠዋት 10 ዲግሪ ላይ ከነበረ በኋላ ቀትር ላይ 60 ዲግሪ ሲደርስ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የአሉሚኒየሙ ፍሬም በዚያው ሙቀት የሚጨምረው 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልክክ ብሎ የገባ ፕላስቲክ መሄጃ ሲያጣ ይቆለመማል ወይም ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዙሪያው ክፍተት ይተዉለት። በብሎን የሚያዝ ከሆነ ቀዳዳውን ከብሎኑ ሰፋ አድርገው ይብሱት፤ አጥብቀውም አያስሩት።

ጥያቄ፦ ጥቁር ፍሬም ይሻላል ወይስ ነጭ?

መልስ፦ ነጭ። ጥቁር የግድ ከሆነ የመለጠጫውን ክፍተት ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ የሚኒባስ ባለቤት ናቸው። ፍሬማቸውን በአራቱም ጎን በሲሊኮን አሸጉት፤ ውሃ ገባ። ፍቀው እንደገና አወፍረው አሸጉት፤ አሁንም ገባ። ጥያቄያቸው አጭር ነው፦ «እውነተኛው ሲሊኮን የትኛው ነው?»

መልስ፦ ሲሊኮንዎ ምንም አልበደለም። የበደለው «ጥርቅም አድርጌ ከዘጋሁት ውሃ አይገባም» የሚለው እምነት ነው፤ እኔም ከዚህ እምነት ጋር ከተጣላሁ ቆይቻለሁና ታግሠው ያንብቡኝ።

በታሸገው ፍሬም ውስጥ አየር አለ። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ይህ አየር ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ ባገኛት ስንጥቅ እየገፋ ይወጣል። ከዚያ ዝናብ ይመጣል። 60 ዲግሪ የነበረው ፍሬም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል፤ ውስጥ የቀረው አየርም ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ በ12 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህ የግፊት ልዩነት በባሕር ጠለል አካባቢ ሲሰላ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ከሚፈጥረው ግፊት ጋር ይተካከላል። ፍሬሙ እንዲህ አየር የሚስበው ደግሞ ዙሪያውን ውሃ በለበሰበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ውሃውን ያስገባው የዝናቡ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ፍሬምዎ ራሱ ጠጥቶታል።

ለመጠጣት ደግሞ ፀጉር የምታህል ክፍተት ትበቃዋለች። መኪና ስለሚንቀጠቀጥ፣ ፕላስቲኩና አሉሚኒየሙም በየቀኑ እኩል ስለማይለጠጡ ያች ክፍተት አንድ ቀን መፈጠሯ አይቀርም። አወፍረው ሲያሽጉ ያተረፉት ነገር ቢኖር የገባው ውሃ እንዳይወጣ ማድረግ ነው።

ጠብታ ባይገባ እንኳ እርጥበት ያዘለ አየር ይገባል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ30 ዲግሪ እስከ 30 ግራም የሚደርስ የውሃ ተን ሊይዝ ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። ልዩነቱ የት ይሄዳል? ሌሊት ሲቀዘቅዝ የፕላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፣ ይንጠባጠባል፣ ከታች ይጠራቀማል። የፎቶው የታችኛው ጠርዝ ላይ ወደ ላይ እየወጣ የሚሄድ ቡናማ መስመር አይተው ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ካላመኑኝ የመኪናዎን የፊት መብራት ከኋላው በኩል ይመልከቱ። መተንፈሻ አለው። እነዚያን መብራቶች የሚነድፉ መሐንዲሶች ማሸግ አቅቷቸው አይደለም። ብዙዎቹ መተንፈሻዎች አየርና ተን የሚያሳልፍ፣ ውሃን ግን የሚመልስ ስስ ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኑ የሚሠራበት የተዘረጋ ፒቲኤፍኢ የሚባለው የቴፍሎን ዓይነት ቁስ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው መሐንዲስ ቦብ ጎር የደረሰበት ነው። «አይፒ67» የሚል ሣጥን ገዝቻለሁ ላሉኝ ሌላ አንባቢም መልሴ ከዚህ የራቀ አይደለም። ያ ምልክት ሣጥኑ አቧራ እንደማያስገባና በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ሲቆይ ጉዳት የሚያደርስ ውሃ እንደማያስገባ ይመሰክራል። ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት ዓመት ስለመክረሙ ግን የሚለው ነገር የለም።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ላዩንና ሁለቱን ጎኖች ያሽጉ፤ የታችኛውን ጠርዝ ይተዉት። በታችኛው ጠርዝ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ቀዳዳ ይብሱ፤ ሁለት ያልኩት መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ውሃው ወደ አንዱ ጥግ ስለሚያጋድል ነው። ስፋታቸው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። የ2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በአንዲት ጠብታ ተደፍኖ ይቀራል። የሚሄድ መኪና ላይ ውሃ ወደ ታች ብቻ አይፈስም፤ ነፋሱ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይነዳዋል። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ከፊት በኩል በታጠፈች ትንሽ ላሜራ ይከልሏቸው፣ አፋቸውም ወደ መኪናው ኋላ ይዙር። ፕላስቲኩ ከታች በሚያርፍበት የፍሬሙ ቦይ ውስጥ በውሃ ተነክሮ እንዳይቀመጥ በሁለት ትንንሽ የጎማ ቁራጮች ከፍ ይበል። የፎቶው ጠርዝም ከቦዩ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ጀርባውን በአሉሚኒየም ላሜራ ይሥሩት እንጂ ከተጨመቀ የእንጨት ዱቄት በተሠራ ሰሌዳ አይሥሩት፤ ውሃ ሲነካው አብጦ ይበተናል።

ስለ ሲሊኮኑ ካነሱ አይቀር፣ ሲቀቡት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ለብረት አይጠቀሙ። ሲደርቅ የሚለቀው አሴቲክ አሲድ ብረቱን ይበላል። ገለልተኛ የሚባለውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እርጥበት የሚመጠውን የሲሊካ ጄል ከረጢት ውስጡ ብጨምርስ?

መልስ፦ የሚተነፍስ ፍሬም ውስጥ በአጭር ጊዜ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ ከረጢት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጭንቀት፦ መኪናውን ሳልበሳ እንዴት ልያዘው? አንዱ ማግኔት፣ ሌላው ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ፣ ሦስተኛው «ሁለቱንም» ይላሉ።

መልስ፦ መጀመሪያ ነፋሱ ምን ያህል እንደሚገፋ እንወቅ። 40 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍሬም ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበል ከሆነ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ የ13 ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋዋል። በ50 ኪሎ ሜትር ግን ከ3 ኪሎ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሰፈር ውስጥ ነድቶ «ምንም አልሆነም» ማለት እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተው። ስለዚህ ፍሬሙን በጎን በኩል ከአካሉ ጋር ለጥ አድርገው ያኑሩት። እንዲያም ሆኖ ነፋሱ የፊተኛውን ጠርዝ ፈልቅቆ ለማንሳት ይሞክራልና ያንን ጠርዝ ወደ አካሉ ያዘቅዝቁት።

ማግኔት አሉሚኒየምና ፕላስቲክ አካል ላይ አይዝም። ብረት ላይም ቢሆን በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ኪሎ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ሲጎተት የሚችለው ነው፤ ወደ ጎን ሲንሸራተት የሚችለው ከዚያ በጣም ያንሳል። ከሥሩ የሚገባው አሸዋም ቀለሙን ይፍቀዋል። ለአንድ ቀን ሰልፍ ይሆናል፤ ለዓመት አይሆንም።

ለተሽከርካሪ የሚሠራው የአክሪሊክ ፎም ማጣበቂያ ከማግኔቱ ይሻላል፤ ነገር ግን የሚጣበቀው ከቀለሙ ጋር ነው እንጂ ከብረቱ ጋር አይደለም። ቀለሙ የተላላጠ መኪና ላይ ፍሬሙ ቀለሙን ይዞ ይወድቃል። ቦታውን እኩል በተቀላቀለ አይሶፕሮፒል አልኮልና ውሃ ይጥረጉ፣ ሲለጥፉ በኃይል ይጫኑት፣ ከዚያም 72 ሰዓት ሳይነዱ ይታገሡ። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ያኔ ነው። በየትኛውም መንገድ ይያዙት፣ ከፍሬሙ ወደ መኪናው አካል የምትሄድ ቀጭን የብረት ገመድ ትኑር። ማጣበቂያው ቢለቅ ፍሬሙ ይንጠለጠላል እንጂ የሰው ፊት ላይ አይበርም።

መብሳት የግድ ከሆነ ግን ትራፓኖውን ያስቀምጡና መኪናውን ወደ ጋራዥ ይውሰዱ። ይህን ለወግ ያህል አልጻፍኩትም። በጣሪያው ጠርዝና በምሰሶዎቹ ውስጥ የተጠቀለሉ የአየር ከረጢቶችና የኤሌክትሪክ ገመዶች የሚያልፉባቸው መኪናዎች ብዙ ናቸው፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይታወቅም። ባለሙያውን ጥጎቹንም እንዲያከብልዎ ይጠይቁት። የተባበሩት መንግሥታት 26ኛው የተሽከርካሪ ደንብ በመንገደኛ መኪና ላይ ወደ ውጭ የሚወጣ ክፍል የጠርዙ ክብነት ከ2.5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ይጠይቃል፤ የተሳለ የላሜራ ጥግ እግረኛን እንደ ቢላ ይቆርጣልና። መብራትን፣ ሰሌዳን ወይም የሹፌሩን እይታ የሚከልል ቦታ ላይ ስለመስቀል አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ የሟች አባታቸው አንድ ፎቶ ብቻ አላቸው። አባታቸው ሹፌር ስለነበሩ መኪናው ላይ እንዲሆኑ ይፈልጋሉ፤ «ግልባጭ ግን ልቤ አይቀበለውም» ብለዋል።

መልስ፦ ልብዎን አከብራለሁ፤ ምክሬ ግን ግልባጩን ይስቀሉ ነው። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ በትክክል ቢያደርጉ እንኳ ፀሐይዋ ትቀራለች። አልትራቫዮሌት የሚያጣራ ፕላስቲክ መፍዘዝን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም፤ የሚታየው ብርሃንም ቀለም ያጠፋል። የድሮ ፎቶ ደግሞ ገጹ ጄላቲን ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ከመስታወት ጋር ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል።

ዋናውን በጥራት ስካን ያስደርጉና ጨለማና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ግልባጩን ሲያሳትሙ በፒግመንት ቀለም ይሁን ይበሉ፤ ብዙ የቤት ፕሪንተሮች የሚጠቀሙበት የሚሟሟ ቀለም ፀሐይ ላይ ቶሎ ይገረጣል። ግልባጩም ቢሆን ፕላስቲኩን እንዳይነካ በመካከላቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ፊታቸው ሲገረጣ አውጥተው በሌላ ይተኩታል፤ አባትዎ ሁልጊዜ ጥርት ብለው መንገዱን ያያሉ። በዋናው ፎቶ ይህን ማድረግ አይችሉም።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «አሁን ካለበት መስታወት ጋር ትንሽ የተያያዘ ይመስላል» ብለዋል። እባክዎ አይንኩት። በውሃ፣ በእንፋሎት፣ በምላጭ የሚሉ ምክሮች ይመጡልዎታል፤ አይስሙ። እንዳለ፣ ከነመስታወቱ ስካን ያስደርጉትና ማላቀቁን የፎቶግራፍና የወረቀት ቅርስ ጥገና ለሚያውቅ ባለሙያ ይተዉት። በአቅራቢያዎ ከሌለ እንደተጣበቀ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ዲጂታል ፍሬም ብሰቅልስ? ፎቶዎቹ ይቀያየራሉ።

መልስ፦ ከኋላዎ የሚነዳውም ሰው ሲቀያየሩ እያየ ይነዳል። ለቤት የተሠራ ስክሪን ብዙውን ጊዜ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዲሠራ አልታሰበም፤ ፀሐይ ያገኘው ጥቁር ሣጥን ደግሞ ያንን በቀላሉ ያልፋል፣ ፈሳሽ ክሪስታሉም ሲግል ስክሪኑ ይጠቁራል። ኤሌክትሪኩን በተመለከተ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ሞተር ብስክሌት፣ ከመሪው ፊት፣ መካከለኛ መጠን።

መልስ፦ አይሆንም። ከመሪው ጋር የሚዞር ጠፍጣፋ ነገር ነፋስ ሲያገኘው መሪውን ይዞ ይዞራል። የኪስ ቦርሳዎ ውስጥ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ፍሬሙን በምን ልጠብ? ብሎኖቹስ እንዳይላሉ ምን ልቀባቸው?

መልስ፦ በለስላሳ ጨርቅ፣ በውሃና በሳሙና፤ አቧራውን አስቀድመው በውሃ ያውርዱት፣ ደረቁን ከጠረጉት ይጭረዋል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ፕላስቲኩን በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል። የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽም ያው ነው፦ ብረት ከብረት ሲገናኝ ጥሩ ነው፣ አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት ላይ ከፈሰሰ ግን ያሰነጥቃቸዋል። በእሱ ፈንታ ውስጡ ናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ይጠቀሙ። የማይዝግ ብረት ብሎን አሉሚኒየም ላይ ሲያስሩ የናይለን ሮንዴላ ጣልቃ ያስገቡ፤ አለዚያ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። መኪናውን በኃይለኛ የውሃ ግፊት የሚያጥቡ ከሆነ የታችኛዎቹን ቀዳዳዎች እንዳይመታ ያድርጉ፤ በዚያው ብሎኖቹን በእጅዎ ይነካኩ፣ የሚዞር ካለ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ይታሰር።