እናትሽ የሚያዩአቸው ልጆች

እህቴ፣ እናትሽ በፓርኪንሰን (ሰውነትን በሚያንቀጠቅጠውና በሚያግተው የነርቭ በሽታ) ከታመሙ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው አሁን ቤት ውስጥ የሌሉ ልጆች ይታዩአቸዋል፤ ጠዋት ደህና ውለው ማታ ግራ ይገባቸዋል። «እርጅና ነው ወይስ መድኃኒቱ? ጎረቤት ክኒኑን አስቁመሽ ጸበል ውሰጃቸው አለኝ» ብለሻል። እኔ አባቴን በዚሁ በሽታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስድስት ዓመት አስታምሜአለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

እርጅና ብቻ አይደለም፤ ፓርኪንሰን ራሱ ሲቆይ ሐሳብንም ሊያውክ ይችላል፣ ፓርኪንሰን ዲሜንሺያ ይባላል። አባቴን የጀመረው መርሳት አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን የልጄን ሱሪ ሊያሳጥር ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጨርቁን ሲያገላብጥ ቆየ። የልጄን ስም ያውቃል፣ ቁመቱንም ያስታውሳል፤ ከየት እንደሚጀምር ግን ጠፋው። እጁ እየተንቀጠቀጠ እንኳ ስቶት የማያውቀው ሥራ ነበር።

የነርቭ ሐኪሙ ወረቀት ላይ አንጎል ስሎ አስረዳኝ። አልፋ ሳይኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ቅርጹን ስቶ በነርቭ ሴሎች ውስጥ ይከማቻል። ክምችቱን ሐኪሙ ፍሪድሪክ ሌዊ በ1912 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው ሌዊ ቦዲ ይባላል። የአንጎል ግንድ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያግዘውን ዶፓሚን የሚያመነጩት ሴሎች ሲሞቱ መንቀጥቀጡና መገተሩ ይመጣል። ዓመታት ሲያልፉ ክምችቱ ወደ አንጎል ቅርፊት ይዘልቃል፤ ትኩረትን የሚያግዘውን አሴቲልኮሊን የሚያመነጩት ሴሎችም ይመናመናሉ። በብዙዎች ላይ የአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ምልክት የሆኑት አሚሎይድና ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች ይደረባሉ። የዶፓሚኑ ክኒን እጅን ሲያፍታታ ሐሳብን የማያፍታታው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱም ድርሻ አለው። አባቴ ለመንቀጥቀጡ ትራይሄክሲፌኒዲል ይወስድ ነበር፤ ያ ክኒን የተረፈውን አሴቲልኮሊን ሥራ ያግዳል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ሲያስቆመው ግርታው ረገብ አለ። ሌቮዶፓም፣ ያ የዶፓሚኑ ክኒን፣ የሌለ ነገር እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል፤ ግን በራስሽ በድንገት እንዳታቋርጪ፣ አደገኛ ነው። እናትሽ የሚውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ግርታው በድንገት ከባሰ የሽንት ኢንፌክሽን ይመርመሩ። ሪቫስቲግሚን የሚባለው መድኃኒት ይስማማቸው እንደሆነም ጠይቂ፤ አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። ሃሎፐሪዶል የሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ግን እንዳይሰጣቸው አጥብቀሽ ተናገሪ። አንድ ሌሊት አባቴን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለማረጋጋት ብለው ወጉት፤ አራት ቀን እንደ እንጨት ደርቆ መዋጥ አቃተው። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጸበሉን አልከለክልሽም፤ እኛም ወስደነዋል። የክኒኑ ሰዓት ግን አይዛነፍ።

ስለ ልጆቹ ደግሞ አትከራከሪያቸው። እኔ «የሉም» ስለው ይቆጣ ነበር። በኋላ ሳይመሽ መብራት ማብራት፣ ወንበሩ ላይ የተጣለውን ጋቢ ማንሳት ጀመርኩ። «ልጆቹ ራት በልተዋል?» ሲለኝ «በልተዋል አባዬ» እለዋለሁ፤ ያኔ እሱም እጁን ወደ ሳህኑ ይሰዳል።