ስክሪን ሪደሬን ከለከሉኝ፤ በፍላሽ ይዤ ልግባ?

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ነኝ። በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ኮምፒውተር የምጠቀመው ኤንቪዲኤ በሚባለው ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብልኝ ፕሮግራም ነው። በቅርቡ ኮምፒውተሮቹ ሲቀየሩ የአይቲ ክፍሉ «ለደኅንነት ያሰጋል» ብሎ መልሶ አልጫነልኝም። አዲሱ የሒሳብ ፕሮግራምም «ለአንተ አይመችም» ተባልኩ። አለቃዬ ደግሞ ስልክ ወደማንሳት ሥራ ሊያዛውሩኝ ነው። ስክሪን ሪደሩን በፍላሽ ይዤ ገብቼ ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ኤንቪዲኤ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ቢሆንም እባክዎ አያድርጉት። ዛሬ ጥፋቱ ያለው አሠሪዎ ዘንድ ነው። ነገ ፍላሹ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ከተገኘ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ፍላሹ ይሆናል። ያለፈቃድ ፕሮግራም ማስገባት በብዙ መሥሪያ ቤቶች በዲሲፕሊን ያስጠይቃል። እንዲህ ያለ ጠንካራ ጉዳይ በፍላሽ ሲበላሽ ማየት ያንገበግባል።

መብትዎ ግልጽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ ከ2008 ጀምሮ ይሠራል። ከ180 በላይ አገሮች ተቀብለውታል። አንቀጽ 2 «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ስለሚባለው ነገር ይናገራል። አንድ ሰው ከሌሎች እኩል እንዲሠራ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ማድረግ ማለት ነው፤ ከመጠን ያለፈ ጫና እስካላመጣ ድረስ። ይህን መከልከል ራሱ አድልዎ ነው። «ለክፋት አይደለም» ማለትም አያድንም፤ አንቀጹ የድርጊቱን ዓላማ ብቻ ሳይሆን ውጤቱንም ያያል። አንቀጽ 27 ደግሞ ይህ በሥራ ቦታም እንዲከበር ያዛል።

ታዲያ ጫናው የቱ ላይ ነው? ኤንቪዲኤ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ የአይቲ ክፍሉ ራሱ ሊመረምረው ይችላል። የደኅንነት ስጋት ካለ «በዚህ መንገድ እንጫን፣ እኛ እናዘምነው» ያሰኛል እንጂ «አይሆንም» አያሰኝም። ጫናው ከመጠን ያልፋል የሚል ወገን የማስረዳት ሸክሙም የራሱ እንደሆነ የኮንቬንሽኑ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 6 ላይ አስቀምጧል። ማስረዳት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

የአዲሱ ፕሮግራም ነገር ትንሽ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ችግሩ አዝራሮቹ ስም ያልተሰጣቸው መሆኑ ነው። ስክሪን ሪደሩ «በተን፣ በተን፣ በተን» (በእንግሊዝኛ «አዝራር») እያለ ይሄዳል፤ የቱ «መዝግብ»፣ የቱ «ሰርዝ» እንደሆነ አይታወቅም። የሠራው ኩባንያ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ነው። ነገር ግን ሳይሞከር «አይመችም» ማለት መልስ አይሆንም። የአይቲ ባለሙያ ባለበት፣ የደንበኛ መረጃ በሌለበት የሙከራ ገጽ ላይ ይሞከር። የማይነበበው የቱ ገጽ፣ የቱ አዝራር እንደሆነ በጽሑፍ ይያዝ። ይህች ወረቀት ኋላ ትልቅ ማስረጃ ናት።

እስካሁን የጠየቁት በቃል ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ደብዳቤ ይጻፉ። ማዘን፣ መለማመጥ አያስፈልግም። «ሥራዬን ለመሥራት ስክሪን ሪደር ያስፈልገኛል፤ ከዚህ በፊት በዚሁ መሥሪያ ቤት ስጠቀምበት ነበር፤ እንዲጫንልኝ፣ አዲሱም ፕሮግራም አብሮት እንዲሞከር እጠይቃለሁ፤ የማይቻል ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ይበሉ። ስድስት ዓመት በዚህ መሣሪያ መሥራትዎን አይተዉት፤ ከሁሉ የሚበልጥ ክርክርዎ እሱ ነው። ገቢ ማኅተም የተመታበት ቅጂ እጅዎ ላይ ይቅር።

የዝውውር ደብዳቤ ከመጣ ሳያስነብቡ አይፈርሙ። የሚያነብልዎትም እርስዎ የሚያምኑት ሰው ይሁን። መቀበልዎን ብቻ ለማረጋገጥ ከሆነ «ደርሶኛል፣ አልተስማማሁም» ብለው ይፈርሙ። ደመወዝዎና እርከንዎ መቀነስ አለመቀነሱን ይዩ፤ ባይቀንስም ሙያዎን ያስጥልዎታልና ዝም አይበሉ።

በአገርዎ የሥራ ሕግ ለአቤቱታ የተቀመጠ የጊዜ ገደብ ይኖራል፤ አንዳንዱ በጣም አጭር ነው። «እናያለን» እያሉ ሲያመላልሱዎት ያ ጊዜ እንዳያልፍ ዛሬ የሥራ ውሉን፣ የቀድሞ የሥራ አፈጻጸም ውጤቶችዎንና የደብዳቤውን ቅጂ ይዘው ቅርብዎ ያለ ጠበቃ ያማክሩ።