ስለ ዩካጊሮች፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ዩካጊር ሕዝብ የመጣላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። መልሱ ይኸውና። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የት ነው የሚኖሩት?

ሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ፣ በብዛት ያኩቲያ በሚባለው የሩሲያ ግዛት ውስጥ፣ በኮሊማ ወንዝ አካባቢ። በ2010 ቆጠራ 1,603 ነበሩ። ድሮ ሰፊ አገር ይዘው ይኖሩ ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ሩሲያውያን መጥተው የአውሬ ቆዳ ግብር ጣሉባቸው፣ ፈንጣጣውም ጨረሳቸው።

ጥያቄ፦ ቋንቋቸው የሩሲያኛ ዘዬ ነው?

በጭራሽ! ሁለት ቋንቋ አላቸው፤ የታንድራው (ዛፍ የማይበቅልበት የሰሜን ቀዝቃዛ ሜዳ) እና የጫካው። የአንዱ ተናጋሪ ከሌላው ጋር አይግባባም። ከፊንላንድኛና ከሃንጋሪኛ ጋር የሚያዛምዷቸው አሉ፤ እኔን አላሳመኑኝም። የጫካውን አቀላጥፈው የሚናገሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሴቶቹ በዛፍ ቅርፊት ላይ የፍቅር ደብዳቤ ይጽፉ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

ሥዕሉ እውነት ነው፣ "ደብዳቤ" የሚለው ነው የተጋነነው። ወጣቶች ሲሰባሰቡ አንዲት ልጅ በበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ በቢላ ጫፍ መጫር ትጀምራለች፣ የከበቧት ደግሞ ምን ማለቷ እንደሆነ ይገምታሉ። ሰው የሚሣለው እንደታጠፈ ጃንጥላ ቀጭንና ሹል ሆኖ ነው። ሁለት ሰዎችን የሚያያይዘው መስመር ፍቅር ነው። በጣም የታወቀው ሥዕል ላይ ልጅቷ የወደደችውን ወንድ የወሰደችባት ሩሲያዊት ናት፤ ቀሚሷ ሰፊ ስለሆነ እሷም ሰፋ ብላ ተስላለች። ሻርጎሮድስኪ የሚባል ግዞተኛ በ1890ዎቹ ይህን ሲያሳትም ብዙ ምሁር "ያለ ቃል የሚነበብ ጽሑፍ" ብሎ ተቀበለው። ግን ነገሩን የሚያውቀው እዚያው የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው፤ የእነማን ፍቅር እንደሆነ ካልሰማችሁ በቀር ከሥዕሉ ምንም አታወጡም። ይህን ማለቴ ልጆቹን ማሳነስ አይደለም። ሐሜትንና የልብ ስብራትን በጥቂት መስመር መጫር ትልቅ ጥበብ ነው! ወንዶቹም በቅርፊት ላይ የወንዝና የአደን መንገድ ካርታ ይሥሉ ነበር።

ጥያቄ፦ አደናቸውስ?

የጫካዎቹ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘር ያድናሉ። አዳኙ በዋዜማው የሰው ጠረኑ እንዲለቀው በእንፋሎት ይታጠባል። የበረዶ መንሸራተቻውን በሙስ እግር ቆዳ ይለብጠዋል፣ ሲሄድ ድምፁ የእንስሳውን እንዲመስል።

ጥያቄ፦ ከራሳቸው የወጣ ጸሐፊ አለ?

አለ። ተኪ ኦዱሎክ የመጀመሪያው ነው፤ በስታሊን ዘመን በ1938 ተረሸነ። ከእሱ በኋላ የመጣው ጋቭሪል ኩሪሎቭ ገጣሚም የቋንቋ ምሁርም ነው፤ በ2001 ያሳተመው የዩካጊር–ሩሲያኛ መዝገበ ቃላት ለታንድራው ቋንቋ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነው።