ትሬለር ከብርዱ በፊት፦ ውሃውን ማፍሰስ ብቻ አይበቃም

ሰላም ለናንተ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ጥያቄያችሁን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። በዚህ በጋ ባለ 24 ጫማ ሁለተኛ እጅ የካምፒንግ ትሬለር (በመኪና የሚጎተት ቤት) ገዝታችሁ፣ ብሩክሊን ፓርክ ቤታችሁ አጠገብ ልታከርሙት ነው። ታንከሩን አፍስሰን ብንተወው አይበቃም ወይ፣ ለቧንቧው ለመኪና የምንገዛው አንቲፍሪዝ (እንዳይቀዘቅዝ የሚያደርግ ፈሳሽ) ይሆናል ወይ፣ ካልሆነም ትንሽ ሂተር ሰክተን ብንተወውስ ነው ያላችሁት። አጭሩ መልስ፦ አይበቃም፣ በፍጹም አይሆንም፣ እባካችሁ አታድርጉት። ረጅሙን ደግሞ ጊዜ ወስጄ ልጻፈው፤ እኔም ትሬለሬን የማከርመው እዚሁ ሚኒሶታ ነው፣ ብርዱን አውቀዋለሁ።

ውሃ ወደ በረዶ ሲቀየር 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ፍሪዘር ውስጥ የተረሳ የላስቲክ ውሃ ተነፍቶ አይታችኋል አይደል? ትሬለሩ ውስጥ የሚሆነው ያው ነው፣ ግን ቦታው ጠባብ ነው። የአሁን ትሬለሮች ቧንቧ የላስቲክ ስለሆነ ትንሽ ይለጠጣል፤ የሚሰነጠቁት መገጣጠሚያዎቹ፣ የፓምፑ ጭንቅላት፣ የሽንት ቤቱ ቫልቭና የሻወሩ እጀታ ናቸው። ታንከሩን ስታፈሱት ውሃ ሁሉ የወጣ ይመስላል። አልወጣም። እያንዳንዱ ጉብጠት ላይ፣ እያንዳንዱ ቫልቭ ውስጥ ጥቂት ይቀራል፣ ጉዳት የሚያደርሰውም ያ ጥቂቱ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ውስጡን ሁሉ በደንብ አዘጋጅቶ የውጭውን ሻወር ዘንግቶት ነበር። ያቺ ከኋላ በኩል ትንሽ በር ከፍታችሁ የምታገኟት እግር መታጠቢያ ማለቴ ነው። ሜይ ላይ ውሃ ሲለቅ ከውጭ ምንም አልታየም፤ ቫልቩ የተሰነጠቀው ከግድግዳው ጀርባ ስለነበር ውሃው አልጋው ስር ገብቶ ወለሉን አሳበጠው። የተበላሸው ዕቃ ርካሽ ነው፣ ወለሉ ግን ርካሽ አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ ትሬለራችሁን ከውስጥም ከውጭም ዙሩና ውሃ የሚወጣበትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ጻፉ። የውጭ ሻወር፣ የውጭ ወጥ ቤት ካለው እሱንም፣ በረዶ የሚሠራ ፍሪጅ ወይም የልብስ ማጠቢያ ካለው እነሱንም። ሁለተኛ እጅ ስለሆነ ሻጩ ያልነገራችሁ ነገር ሊኖር ይችላል።

መቼ? እዚህ አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙ ጊዜ ኦክቶበር ገና ሳይጋመስ ይመጣል። እኔ መስቀል ካለፈ በኋላ ያለውን ቅዳሜ አላሳልፍም። አንድ ሌሊት 31 ፋራናይት ስለነካ ብቻ ነገር አይበላሽም፤ ለሰዓታት 20ዎቹ ውስጥ ሲቆይ ነው የሚያሰጋው። ቢሆንም የአየር ትንበያ እየጠበቁ መሯሯጥ ጥሩ አይደለም፣ ያን ሳምንት ሁሉም ሰው ስለሚገዛ አንቲፍሪዙም ከሱቅ ያልቃል።

አሁን ወደ አንቲፍሪዙ። የመኪናው ብዙ ጊዜ ኤትሊን ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው። ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅም ውሻም ይቀምሰዋል። ልጆቻችሁ ጥርሳቸውን የሚቦርሹበት ቧንቧ ውስጥ እንዳታስገቡት! ለአርቪ (እንደ ትሬለራችሁ ላለ ተንቀሳቃሽ ቤት) ተብሎ የሚሸጠው ሮዝ ቀለም ያለው ነው። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡና ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚለውን ምረጡ። በአልኮል የተሠራም አለ፣ ርካሽ ነው፣ ግን ይቀጣጠላል፣ የጎማ ማሸጊያዎችንም ያደርቃል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ‑50 የሚለው ቁጥር ቧንቧ እንዳይፈነዳ የሚከላከልበት እንጂ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይበት አይደለም፤ በእኛ ብርድ ራሱም ይወፍራል፣ ግን እንደ ውሃ ጠጥሮ አይሰነጥቅም። ‑100 የሚልም ይሸጣል፣ ለሚኒሶታ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ለእናንተ ትሬለር 3 ጋሎን ይበቃል፣ 4 ግዙ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሮዙ ከቀረ ውሃ ጋር ከተቀላቀለ ይቀጥናል፣ ቁጥሩም አይሠራም። ለዚህ ነው በመጀመሪያ በደንብ ማድረቅ ያለባችሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ካምፕ ግራውንድ ሳትለቁ፣ ደምፕ ስቴሽኑ (ቆሻሻ ውሃ የሚደፋበት ቦታ) ላይ የሽንት ቤቱን ታንከር ቀድማችሁ ድፉ፣ ቀጥሎ የሲንክና የሻወሩን፤ የሁለተኛው ውሃ ቱቦውን ያጥብላችኋል። የሽንት ቤቱን ታንከር ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ አለቅልቁት፣ ክረምቱን የሚከርም ቆሻሻ አይኑር። ቤት ስትደርሱ የንጹሕ ውሃውን ታንከር ክፈቱት። ከትሬለሩ ሆድ ስር ሁለት ትንንሽ መክፈቻዎች ታገኛላችሁ፣ አንዱ የሙቅ አንዱ የቀዝቃዛ መስመር ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ሁለቱንም ክፈቱ፣ ከውስጥ ደግሞ ቧንቧዎቹን ሁሉ ክፈቱ፣ አየር ካልገባ ውሃ አይወርድም። ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አብርታችሁ የቀረውን አስተፉት።

ቦይለሩ ላይ አትቸኩሉ። ኤሌክትሪኩንም ጋዙንም አጥፉና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ከቀን በፊት ብታጠፉት የተሻለ ነው። ከዚያ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስወጡ፣ ከዚያ ብቻ ከውጭ በኩል ታፖውን ፍቱ። ትኩስ እያለ ወይም ግፊት እያለ የፈታ ሰው ፊቱን ነው የሚያቃጥለው፣ ጎን ቆማችሁ ፍቱት። የቦይለሩ ማርካ ሰበርባን ከሆነ ታፖው ላይ ረጅም ዘንግ ተያይዞ ይወጣል፤ ያ ዘንግ የታንኩን ብረት ከዝገት ለማዳን ራሱ እንዲበላ የተሠራ ነው፣ አብዛኛው ካለቀ ለስፕሪንግ አዲስ ግዙ። አትውድ ወይም ዶሜቲክ ከሆነ የላስቲክ ታፖ ብቻ ነው፣ ዘንግ የለውም። ባዶ ከሆነ በኋላ ከጀርባው ያለውን ባይፓስ ቫልቭ (ፈሳሹ ቦይለሩን ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርገውን) አዙሩ። ይሄን ካላዞራችሁ ባለ 6 ጋሎኑ ቦይለር ሮዙን ሁሉ ጠጥቶ ይጨርስባችኋል፣ ቧንቧው ጋ ምንም አይደርስም። የቦይለሩ ማብሪያ ላይ ደግሞ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ባዶ ታንክ ላይ ኤሌክትሪኩን ማብራት ኤለመንቱን በአፍታ ያቃጥለዋል።

የውሃ ማጣሪያ ካለ አውጥታችሁ ጣሉ። ኮምፕሬሰር (አየር መንፊያ) ያለው ሰው ከጎረቤትም ቢሆን ካገኛችሁ፣ በከተማ ውሃ መግቢያው (ከውጭ የውሃ ጎማ የሚገጠምበት) በኩል በአየር ንፉት፤ ግፊቱ ከ50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አይብለጥ፣ እኔ 40 ላይ ነው የማደርገው። በአየር ብቻ ጨርሰው የሚተዉ ሰዎች አሉ። ሞቃት አገር ላለ ይሆናል፣ እዚህ ግን ፓምፑ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ስለማይታመን አየርም ሮዝም ሁለቱንም አድርጉ።

ቀጥሎ ከፓምፑ አጠገብ ያለችውን አጭር ቱቦ የሮዙ ጋሎን ውስጥ ከትታችሁ፣ ፓምፑ ከእሷ እንዲስብ መስመሩን ወደ እሷ አዙሩ። ከሌለ መግጠሚያው ሃርድዌር ሱቅ ይገኛል። የከፈታችኋቸውን ሁሉ ዝጉና ፓምፑን አብሩ። አንዳችሁ ጋሎኑን ያዙ፣ አንዳችሁ ከፓምፑ ቅርብ ካለው ቧንቧ ጀምራችሁ ቀዝቃዛውን ከዚያ ሙቁን ክፈቱ፤ ሮዝ ብቻ እስኪወጣ። ፈዛዛ ሮዝ ከሆነ ገና ውሃ አለበት፣ ጠብቁ። ሻወሩን፣ የሻወሩን እጀታ፣ ሽንት ቤቱን፣ የውጭውን ሻወር ሙቅም ቀዝቃዛም። ሽንት ቤቱ ሳህን ላይ ትንሽ ሮዝ ተዉበት፣ ማሸጊያው እንዳይደርቅ። እያንዳንዱ ሲንክና የሻወሩ ማፍሰሻ ውስጥ ደግሞ አንድ አንድ ብርጭቆ ጨምሩ፤ ከስር ያለው የታጠፈ ቱቦ ሁልጊዜ ውሃ ይይዛል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የመጨረሻው ቦታ የከተማ ውሃ መግቢያው ነው። ፓምፑን አጥፉ፣ አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን ልቀቁ፣ ከዚያ ወንፊቷን አውጥታችሁ መሃል ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በደነዘዘ ነገር ገፋ አድርጓት። ሮዝ ከወጣ ጨርሳችኋል። ያዘጋጃችሁትን ወረቀት አንድ በአንድ እየሰረዛችሁ ብትሄዱ ምንም አያመልጣችሁም።

ሂተሩን በተመለከተ። ሰው በሌለበት የተሰካ ሂተር እሳት ነው፣ መጀመሪያ እሱ ያሳስበኛል። ሌላው፣ ቧንቧዎቹ ያሉት ወለሉ ስርና ካቢኔቱ ጀርባ ስለሆነ ክፍሉ ሞቆ እነሱ ሊቀዘቅዙ ይችላሉ። ደግሞ ጃንዋሪ ላይ አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ያ ሁሉ ከንቱ ነው። የትሬለሩ የራሱ ማሞቂያም ጋዙን በቀናት ይጨርሳል። የጋዙን ሲሊንደሮች ቫልቭ ዝጉና እዚያው ውጭ ተዉአቸው፤ ቤትም ጋራዥም አይገቡም።

ባትሪ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ከተቀመጠ የእኛን ብርድ ይችለዋል። ባዶ ከሆነ ግን 20 ፋራናይት አካባቢ ይቀዘቅዛል፣ ሳጥኑም ይሰነጠቃል። ማጥፊያ ስዊች አለን ብላችሁ አትተማመኑ፤ ጋዝ ሲያፈስ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከባትሪው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፣ ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ሽቦዎቹን ፎቶ አንሡ፣ ኔጌቲቩን ቀድማችሁ ፍቱ፣ አውጥታችሁ ሙሉ አድርጋችሁ ጋራዥ አስቀምጡ፣ በየወሩ ቻርጅ አድርጉት። ሊትየም ከሆነ ከ32 ፋራናይት በታች ቻርጅ አታድርጉት፣ ውስጡን ይጎዳዋል።

አይጥ! ይሄን ሚኒሶታ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ብርዱ ሲጀምር ሙቀት ፍለጋ ትገባለች፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል ቀዳዳ ይበቃታል። ስሩ ገብታችሁ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበትን፣ ቱቦዎች የሚያልፉበትን፣ ሁሉንም ቀዳዳ ተመልከቱ። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቁበት፤ የመዳብ ቢሆን አይዝግም። ፎም ብቻውን ትበላዋለች። ከዚያ ምግብ አውጡ፣ የታሸገም ቢሆን። እኛ ደግሞ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ጥሬ ቡና ይዘን ነው የምንሄደው፤ መሳቢያ ጥግ የቀረች ጥቂት ቆሎ ለክረምት በቂ ስንቅ ናት። ውሃ፣ ለስላሳ፣ ቆርቆሮ ቲማቲም፣ ሳሙናም ጭምር ወደ ቤት ውሰዱ፣ ይፈነዳሉ። ጀበና ካለ ውስጡን አድርቃችሁ ቤት አስገቡት፤ ሸክላ ውሃ ስለሚመጥ ብርድ ይሰነጥቀዋል። ፍሪጁን አቅልጣችሁ ጠርጋችሁ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፣ ሻጋታ እንዳይዝ።

ጣሪያውን አሁኑኑ እዩት፣ ከብርዱ በፊት። ዙሪያውን፣ በአየር ማስወጫዎቹና በመስኮቶቹ ጠርዝ ያለው ማሸጊያ የተሰነጠቀ ካለ በሞቃት ቀን ድፈኑት፣ ሲቀዘቅዝ አይጣበቅም። ያለቀለት ትሬለር የምታዩት ብዙውን ጊዜ ከጣሪያው በገባ ውሃ ነው። ወደ ጎን ተገፍቶ የሚከፈት ክፍል ካለው ይዘጋ። የውጭው ጥላ ጨርቅ ደረቅ ሆኖ ይጠቅለል። ሽፋን የምትገዙ ከሆነ አየር የሚያስተነፍስ ይሁን፤ ሰማያዊው ላስቲክ እርጥበት ይይዛል፣ በነፋስም ሲወዛወዝ ቀለሙን ይፍቃል። ጎማዎቹን ግፊታቸውን ሞልታችሁ እንጨት ላይ አቁሟቸው፣ ታኮ አድርጉ፣ ክሪኮቹን አውርዱ፣ ፊቱን ትንሽ ከፍ አድርጉት ውሃ እንዲወርድ። ከተማችሁም ቤት አጠገብ ማቆም የት እንደሚፈቅድ ጠይቁ።

አከፋፋዮች ይሄን ሥራ ከመቶ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። ብር ቢኖራችሁም የመጀመሪያውን ዓመት ራሳችሁ ብትሠሩት ትሬለራችሁን ታውቁታላችሁ፣ ሜይ ላይ አንድ ነገር ቢያንጠባጥብ የት እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ስፕሪንግ ላይ ሮዙን በንጹሕ ውሃ አጥቡና ታንከሩን በበረኪና ታጸዱታላችሁ፣ ለ15 ጋሎን ሩብ ኩባያ፣ ጥቂት ሰዓት አቆይታችሁ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅ ነው።

የቦይለራችሁን ማርካና ከጀርባው ያሉትን ቫልቮች ፎቶ አንሥታችሁ እዚህ ስር ለጥፉልኝ። አንድ ቫልቭ ያለውም ሦስት ያለውም አለ፣ የእናንተው የትኛው እጀታ ወዴት እንደሚዞር አይቼ እነግራችኋለሁ።