የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዘጋቢ ፎቶግራፍ አንሺዎች ለዓለም አቀፍ ሽልማት የሚበቁት እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው ሠርግ፣ ክርስትናና ምረቃ ሲሆን፣ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ግን ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ወርጄ ለራሴ ፎቶ አነሣለሁ። በዓለም ትልልቅ ሽልማቶችን ያገኙት ዘጋቢ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከምን ተነሥተው እዚያ ደረሱ? አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሳልሄድስ ዕድል ይኖረኛል? (ከማራኪ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የጥያቄዎን መጨረሻ ላስቀድምና፣ ዕድል አለዎት። ይህን የምለው እርስዎን ለማጽናናት ሳይሆን የተሸላሚዎቹ የሥራ ታሪክ ራሱ ስለሚያሳየኝ ነው። በዚህ ሙያ ስማቸው ከገነነው መካከል ፎቶግራፍን በትምህርት ቤት ያልተማሩ ብዙዎች ናቸው። ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነበር። ለንደን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የቡና ድርጅት ተቀጥሮ ለሥራ ወደ አፍሪካ ሲመላለስ የባለቤቱን ካሜራ ይዞ ይጓዝ ነበር፤ ደመወዙን ትቶ ወደ ፎቶግራፍ የገባውም እ.ኤ.አ. በ1973፣ ዕድሜው ወደ ሠላሳ ሲጠጋ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ናክትዌይ ደግሞ የሥነ ጥበብ ታሪክና የፖለቲካ ሳይንስ ከተማረ በኋላ የጭነት መኪና እየነዳ ፎቶግራፍን በራሱ አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በኒው ሜክሲኮ የጋዜጣ ሥራ ጀምሮ የመጀመሪያውን የውጭ አገር ዘገባውን በሰሜን አየርላንድ የሠራው በ1981 ነው። በውጭ አገር ለሚሠራ ደፋር የፎቶግራፍ ዘገባ የሚሰጠውን የሮበርት ካፓን የወርቅ ሜዳሊያ አምስት ጊዜ የተቀበለው ይህ ሰው ነው። ባንግላዴሻዊው ሻሂዱል አላምም በለንደን በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪውን ካገኘ በኋላ ወደ ዳካ ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ድሪክ የተባለውን የፎቶግራፍ ድርጅት፣ በ1998 ደግሞ ፓትሻላ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ዛሬ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች የገዛ አገራቸውን ሕይወት እያሳዩ በዓለም መድረክ ይሸለማሉ።

እነዚህ ሰዎች የሚመሳሰሉት በካሜራቸው ዓይነት ወይም በኖሩበት ከተማ ሳይሆን በአንድ ጉዳይ ላይ ሳይሰለቹ በመቆየታቸው ነው። ሳልጋዶ “ጀነሲስ” ለተባለው ሥራው ስምንት ዓመት ያህል ተጉዟል፤ ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 ከላሊበላ ተነሥቶ እስከ ስሜን ተራሮች ወደ 850 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በእግሩ ሄዷል። እርስዎ ከስሜን መግቢያ ከደባርቅ የሚርቁት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ሲያስቡት፣ እርሱ በብዙ ድካም የደረሰበት ምድር ለእርስዎ ደጅ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ጥምቀት ሥራዎ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርዎ። ውኃው ተባርኮ ወጣቶች ከግንቡ ላይ ዘለው ሲገቡ የሚነሣውን ፎቶ፣ ከእንጨቱ ረብራብ ላይ የተሰለፉት የአገር ውስጥና የውጭ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሁሉ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ያ ምስል የቱንም ያህል ቢያምር ዳኞች ደጋግመው ያዩት ነው። ሌላው ሰው የሌለው፣ እርስዎ ግን የከተማው ልጅ በመሆንዎ ያለዎት ነገር ከበዓሉ በፊትና በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ የሚከርመው ገንዳ ሲጠረግ፣ የቀሃ ወንዝ ውኃ በቦዩ እየገባ ገንዳውን ቀስ በቀስ ሲሞላው፣ በከተራ ዋዜማ እናቶች ድግሱን ሲያሰናዱ፣ ዲያቆናት ልብሰ ተክህኖውን አውጥተው ሲያዘጋጁ፣ ታቦታቱ ከገቡ በኋላም ውኃው ሲለቀቅና ግንቡን በሥሮቻቸው አቅፈው የቆሙት ዛፎች ብቻቸውን ሲቀሩ ማን አንሥቷል? ከአንድ ቤተሰብ ወይም ከአንድ ደብር ጋር ተስማምተው ይህን ለተከታታይ ዓመታት ቢያነሡ፣ የሚያገኙት ሥራ ከአንድ ቀን ፎቶዎች ፈጽሞ የተለየ ይሆናል። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው ዓለም አቀፍ የዘጋቢ ፎቶግራፍ ውድድርም ከነጠላ ፎቶዎች ሌላ፣ ለተከታታይ ታሪኮችና ለረጅም ጊዜ ሥራዎች የተለየ ዘርፍ አለው።

ወርልድ ፕሬስ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1955 በኔዘርላንድስ የተመሠረተ ሲሆን፣ ለሙያተኞች ክፍት የሆነና የመመዝገቢያ ክፍያ የሌለበት ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ ውድድር ወዲህ ሥራዎች የሚዳኙት በየክልላቸው በመሆኑ ከአፍሪካ የተነሡ ፎቶዎች በአፍሪካ ክልል ውስጥ ይወዳደራሉ። ይህ ለእንደ እርስዎ ያለው ሰው ትልቅ ለውጥ ይመስለኛል። ከዚህ ጋር ግን በፎቶ ቤት ያዳበሩት አንድ ልማድ እንዳይጎዳዎት እሠጋለሁ። በሠርግ ፎቶ ላይ ከሙሽራዋ ኋላ የቆመን ሰው ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ በፎቶሾፕ ማጥፋት የሥራው አካል ነው፤ በዘጋቢ ፎቶግራፍ ግን ከውድድር ያሰርዛል። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ተሸላሚ ከምስሉ ላይ የአንድ ሰው እግር ቁራጭ በማጥፋቱ ብቻ ሽልማቱን ተነጥቋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ከደረሱት ሥራዎች ወደ 20 በመቶ የሚሆኑት በመሰል ምክንያት ወድቀዋል። በዚያው ዓመት ሻርለርዋ ስለተባለች የቤልጂየም ከተማ የቀረበ ተከታታይ ሥራ፣ አንዱ ምስል ብራስልስ ላይ መነሣቱ ስለታወቀ ሽልማቱ ተሰርዟል። ስለዚህ ደባርቅ ላይ ያነሡትን ጎንደር ብለው አይጻፉ፤ ካሜራው የመዘገበውን ጥሬ ፋይልም ዳኞች ስለሚጠይቁ ፈጽሞ አያጥፉ።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ ኑሮዎን ማዛወር ሳያስፈልግ ሥራዎን ይዘው ብቅ ማለት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ በሚካሄደው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ላይ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት ያገኘችው ኢትዮጵያዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል አዲስ አበባ ላይ የመሠረተችው፣ የአህጉሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች በገዛ አገራቸው የሚገናኙበት መድረክ እንዲኖር ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። በ1977ቱ ረሃብ የወገኖቻችንን ሥቃይ ያነሡ የውጭ ሰዎች ዝናና ሽልማት አገኙ፤ የተነሡት ሰዎች ግን ስማቸው እንኳ አልታወቀም። ይህ አግባብ ነው? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ቅሬታዎ ትክክል ነው፤ ሆኖም ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የቀረጸው ፊልም በቢቢሲ ባይታይ ኖሮ፣ የዓለም ርዳታ በዚያ መጠንና ፍጥነት አይመጣም ነበር። እርሱም ሥራውን የሠራው ዋጋ ከፍሎ ነው፤ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጥቶ፣ በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ሙያው ተመልሷል። ሳልጋዶም በዚያው ረሃብ ዘመን ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ሠርቶ፣ ከሥራው የታተመው መጽሐፍ ለዚያው ድርጅት መርጃ እንዲውል አድርጓል።

የስሙ ነገር ግን ያሳዝነኛል፤ ይህም በእኛ ሕዝብ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ በካሊፎርኒያ ያነሣቻት ስደተኛ እናት ፎቶ በዓለም ሁሉ ሲዞር፣ ላንግ ስሟን ስላልጠየቀች ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው በ1978፣ ከ42 ዓመት በኋላ ነው። ሴትዮዋም ከፎቶው ሳንቲም አላገኘችም።

የራሳችንን ሐዘን ራሳችን ስናነሣው ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጉ፣ የአሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ፎቶግራፍ አንሺ የሆነውን የሙሉጌታ አየነን ሥራ ይመልከቱ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰዎች ካለቁ ከቀናት በኋላ፣ ከአደጋው ስፍራ አንዲት ሐዘንተኛ አፈር ዘግና በፊቷ ላይ ስትበትን ያነሣው ፎቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020ው ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ለዓመቱ ምርጥ ፎቶግራፍ ከታጩት ስድስት ሥራዎች አንዱ ነበር። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ያ አፈር ማብራሪያ አያሻውም።

ተማሪዎችዎን ፎቶግራፍ የሚያስተምሩ ከሆነ፣ ካነሡት ሰው ጋር ቁጭ ብለው ስሙን በፈቃዱ እንዲጽፉ፣ ፎቶው የት እንደሚወጣ እንዲነግሩትና ከታተመም አንድ ቅጂ እንዲያደርሱለት ያስለምዷቸው። ስሙ መታወቁ የሚጎዳው ሰው ሲሆን ግን፣ ለምሳሌ ሕፃን ወይም ጥቃት የደረሰባት ሴት፣ ስሙንም ፊቱንም መሰወር የፎቶግራፍ አንሺው ግዴታ ነው።